መጀመሪያ ቦታው፣ ከዚያ ታንኩ፦ በእጅ ለተገጣጠመ መኪና የኩላንት ታንክ አመራረጥ

ሞተሩ የፈላብን እዚሁ ጎንደር፣ ጎሃ ዳገት ላይ ነው። መኪናዋ ገና ኮፈን እንኳ አልነበራትም። ቱቦላሬ በይደን የሠራነው ሻሲ፣ ከአሮጌ ኮሮላ የወጣ ሞተር፣ ሁለት ወንበር፤ በቃ። ከፒያሳ ተነስተን ዳገቱን ጋመስ እንዳደረግን የሙቀት ጌጁ ዘለለ። ከዚያ ደግሞ ድንገት ወደ ታች ወረደ። እኔ «ቀዘቀዘ» ብዬ ደስ አለኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ጋሼ ግን ዕድሜያቸውን ጋራዥ ውስጥ የጨረሱ መካኒክ ናቸውና «አጥፋው! አጥፋው ልጄ!» ብለው ጮሁ። ወዲያው እንፋሎቱ ፊታችንን ሸፈነው። መንገድ ዳር የነበሩ ልጆች «ጀበናው ገነፈለ!» እያሉ ሳቁብን።

ጌጁ የወረደው ሞተሩ ስለቀዘቀዘ አልነበረም። ሴንሰሩ ያለበት ቦታ ውሃው ሸሽቶ አየርና እንፋሎት ስለሞላው ነው። ሴንሰሩ ውሃ ካልነካው የሞተሩን ሙቀት በደንብ አይናገርም። ዳገት ላይ ጌጅ በድንገት ሲወርድ ካያችሁ ደስታውን ተዉትና ሞተር አጥፉ።

ጥፋቱ የኔው ነበር። ታንኩን መጀመሪያ ገዛሁ፣ ቦታውን ኋላ ፈለግሁ። የገዛሁትም ስለሚያምር ነው። ቦታ ሲጠፋ ራዲያተሩ ጎን፣ ዝቅ ብሎ፣ ባዶ ያገኘሁበት ላይ አሰርኩት። ራዲያተሩ ራሱ ደግሞ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ የመኪናው ከፍተኛው የውሃ ቦታ ራዲያተሩ ሳይሆን ሞተሩ ሆነ። አየር ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ሄዶም ቴስታታው ውስጥ ተቀመጠ።

ይህ የኛ ችግር ብቻ አይደለም። ኪት ካር የሚባለው፣ ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው መኪና ሁሉ አብሮት የሚወለድ ችግር ነው። እንግሊዞች በፈረንጆች 1957 ሎተስ ሴቨንን ማምረት ሲጀምሩ በቁርጥራጭ ሸጠው ገዢው ቤቱ እንዲገጣጥመው ያደርጉ ነበር፤ ያኔ ሙሉ መኪና ላይ የሚጣለውን የግዢ ግብር ለማምለጥ። አፍንጫዋ ዝቅ ያለ ትንሽ መኪና ናት። ዛሬም ድረስ በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች የሚከተሉት ያንኑ ቅርጽ ነው። አፍንጫው ዝቅ ሲል ራዲያተሩ አብሮ ይወርዳል። ሞተሩ ግን ከፍ ላለ መኪና የተሠራ ስለሆነ ወደ ላይ ይቀራል። ፋብሪካ የሠራው ኮሮላ ላይ ይህ ጣጣ የለም፤ የውሃ መሙያ ክዳኑ የት መሆን እንዳለበት አስቀድሞ ታስቦበታል። (ባለ ቮልስ ጎረቤቴ በዚህ ሁሉ ይስቅብኛል። ሞተሩ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፤ ራዲያተር የሚባል ነገር አያውቅም።)

የታንኩ ሥራ ምን እንደሆነ ካልገባን ማወዳደር አንችልም። ውሃ ከቀዝቃዛ ተነስቶ 100 ዲግሪ ሲደርስ በ4 በመቶ ያህል ይሰፋል። ግማሽ በግማሽ ከኩላንት (ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚጨመር ፈሳሽ) ጋር ሲደባለቅ ከዚያም ትንሽ ይበልጣል። 6 ሊትር የሚይዝ ሞተር ከሆነ ሩብ ሊትር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ፣ ሦስት አራት ሲኒ ቡና በሉት፣ መሄጃ ይፈልጋል። አንዱ ሥራ ይህ ነው። ሁለተኛው አየሩን ከውሃው መለየት ነው። ሦስተኛው ግፊት መያዝ ሲሆን፣ እኛ ከተማ ላይ ዋናው እሱ ነው።

ጎንደር ከባሕር ጠለል 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። እዚህ ክዳኑ የተከፈተ ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ደባርቅ ከወጣችሁ ደግሞ ወደ 91 ይወርዳል። አሁን ይህን ከቴርሞስታቱ፣ ማለትም ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ ከሚከፍተው ቫልቭ፣ ጋር አስተያዩት። ብዙ የቶዮታ ቴርሞስታት 82 ዲግሪ ላይ መከፈት ይጀምርና ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 ላይ ነው። ማለትም ግፊት የማይዝ ሲስተም ጎንደር ላይ ቴርሞስታቱ በቅጡ ተከፍቶ ሳያልቅ ይፈላል። ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው የላላ ክዳን ይዞ ትንሽ ሊከርም ይችላል። እኛ አንችልም።

የሚይዘው ግፊት 0.9 ተብሎ የተጻፈበት ደህና ክዳን የመፍያውን ነጥብ ጎንደር ላይ ወደ 115 ዲግሪ ያደርሰዋል። 1.1 የሚለው ወደ 118 ይወስደዋል። ኩላንት ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። ቁጥሮቹን ያመጣኋቸው በምክንያት ነው፦ ከዚህ በታች የማወዳድራቸው ታንኮች በዋናነት የሚለያዩት ይህን ግፊት ማን ይይዛል በሚለው ነው።

ክፍት ሪዘርቭ

ይህ አብዛኛው የጃፓን መኪና ላይ ያለው ነጭ ፕላስቲክ ነው። ግፊቱን የሚይዘው ራዲያተሩ ላይ ያለው ክዳን ነው፤ ሪዘርቩ ራሱ አየር ያስገባል። ሞተሩ ሲሞቅ ትርፉ ውሃ ክዳኑን ገፍቶ በቀጭን ጎማ ወደ ሪዘርቩ ይሄዳል። ሲቀዘቅዝ ራዲያተሩ መልሶ ይመጠዋል። ለዚህ ክዳኑ ሁለት ቫልቭ አለው፤ አንዱ የሚያስወጣ፣ አንዱ የሚመልስ።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ርካሽ ነው፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡት ዘንድ ሁሉ ይገኛል፣ ግፊት ስለሌለበት ቢሰነጠቅም አይፈነዳም። ቦታውም አያስጨንቅም። ከክዳኑ ትንሽ ዝቅ ቢል ችግር የለውም፤ ቀጭኑ ጎማ ግን ሪዘርቩ ታች ድረስ ወርዶ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ መጥለቅ አለበት። ጫፉ ከውሃው ከወጣ ራዲያተሩ የሚመጠው አየር ነው።

አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ እኔ የረሳሁት እሱን ነው። ክዳኑ ያለበት ቦታ የሲስተሙ ከፍተኛ ነጥብ መሆን አለበት። ራዲያተራችሁ ከሞተሩ ከፍ የሚል ከሆነ ሌላ ነገር አትፈልጉ። ይህን ግጠሙና ገንዘባችሁን ለፍሬን አውሉት።

ስለ ሃይላንድ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በልማድ ሃይላንድ የምንለውን የውሃ ፕላስቲክ፣ የማንም ድርጅት ይሁን፣ በሽቦ አስሮ ሪዘርቭ ያደረገ መኪና ከተማችን ውስጥ ሞልቷል። ያ ፕላስቲክ የተሠራው ለቀዝቃዛ ውሃ ነው። 70 እና 80 ዲግሪ ውስጥ ሲገባ ይለሰልሳል፣ ይኮማተራል፣ ጎማው ከውስጡ ይወጣል። ከመንገድ ለመግባት ያህል አንድ ቀን ይጠቅም ይሆናል። በዚያ ላይ ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ነው። ኩላንት የነበረበት የውሃ ፕላስቲክ ልጆች ባሉበት ግቢ ውስጥ መገኘቱ ራሱ ያስፈራኛል።

ግፊት የሚይዝ ታንክ

የአውሮፓ መኪኖች የሚያዘወትሩት ይህንን ነው። የግፊቱ ክዳን ያለው ታንኩ ላይ ነው። ራዲያተሩ ወይ ክዳን የለውም፣ ወይ ድፍን ክዳን ይደረግበታል። ታንኩ የሲስተሙ አካል ነው፤ አብሮ ይሞቃል፣ አብሮ ይወጠራል።

ከላይ ሁለት ቀጫጭን ጎማዎች ይገቡበታል። አንዱ ከራዲያተሩ ጫፍ፣ አንዱ ከቴስታታው ከፍተኛ ነጥብ። አየሩ የሚመጣው በእነዚህ ነው። ከታች ደግሞ አንድ ወፍራም ጎማ ወጥቶ ወደ ውሃ ፓምፑ መሳቢያ ይሄዳል። ለዚህ ሞተሩን መብሳት አያስፈልግም፤ ከሂተር (ከጋቢናው ማሞቂያ) የሚመለሰው ጎማ ላይ ቲ፣ ማለትም ሦስት አፍ ያለው መገጣጠሚያ፣ ማስገባት ይቻላል። ቀጫጭኖቹ 6 ወይም 8 ሚሊሜትር፣ ወፍራሙ 16 ወይም 19 ሚሊሜትር ቢሆኑ ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው «ወፍራም ይሻላል» ብሎ ነው። የአየር ጎማዎቹ ከወፈሩ ሙቁ ውሃ ራዲያተሩን ትቶ በአቋራጭ በታንኩ በኩል ይመለሳል። ስለዚህ ቀጭኑም ጎማ ውስጥ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው ማጥበቢያ ብታስገቡ አይከፋም። አየር ለማለፍ ትንሽ ቀዳዳ ይበቃዋል።

ሌላው ስህተት ጎማው መንገድ ላይ ወርዶ እንደገና መውጣቱ ነው። እንደ ኮርቻ የጎበጠ ጎማ ውስጥ አየር መቆሙ አይቀርም። ከሞተር እስከ ታንክ ያለማቋረጥ ሽቅብ መሄድ አለበት።

ጉዳቱ ቦታ መምረጡ ነው። ታንኩ የግድ ከሁሉም በላይ መቀመጥ አለበት። ዝቅ ብሎ ከተገጠመ ከክፍቱ ሪዘርቭ የባሰ ነው፤ ውሃው ሁሉ ታንኩ ውስጥ ይሞላና አየሩ ሞተሩ ውስጥ ይቀራል።

መሃል ላይ ያለው መፍትሔ

ለታንክ ቦታ የሌለው ኮፈን አለ። እንዲህ ከሆነ የላይኛው የራዲያተር ጎማ መሃል ተቆርጦ የክዳን አንገት ያለው አጭር ቧንቧ ይገባበታል። ክዳኑ እዚያ ላይ ይሆናል፤ ትርፉ ውሃ በቀጭን ጎማ ወደ ተራ ክፍት ሪዘርቭ ይሄዳል። አንገቱን ከሁሉም ከፍ አድርጎ ማሰር ብቻ ነው። አየር የማስወጣት ችሎታው ከታንኩ ያነሰ ነው፤ አንገቱ ውስጥ ያለው ውሃ እየሮጠ ስለሚያልፍ አየሩ ለመለየት ፋታ አያገኝም። ግን ዝቅተኛ ቦታ ከተሰቀለ ውድ ታንክ ይህ ይሻላል። ጋሼም መጀመሪያ ያሉኝ ይህንኑ ነበር፤ እኔ ነኝ «ታንክ ያምራል» ብዬ አልሰማም ያልኩ።

ሞተሩ ከወንበር ኋላ ለሆነ መኪና ውሃው እየተሽከረከረ አየሩን የሚተፋበት ክብ ማሰሮ የሚመስል ዕቃም አለ። ሞተራችሁ ከፊት ከሆነ እሱ ይቅርባችሁ።

ታዲያ የት?

መጀመሪያ ከፍታውን ለኩ። ለዚህ የሚያስፈልገው ግንበኞች የሚጠቀሙበት ነጭ ቱቦ ነው። ውሃ ይሞላና አንዱ ጫፍ ከቴስታታው ከፍተኛ የውሃ መውጫ ጋር ይያዛል፤ ሌላው ጫፍ ልትገጥሙ ያሰባችሁበት ቦታ ላይ። ውሃው ልኩን ይነግራችኋል። እኔ ሁለት ሳምንት በሜትርና በዓይን ስከራከር የነበረውን ይህ ቱቦ በአምስት ደቂቃ ጨረሰው። ታንኩ ውስጥ ያለው የቀዝቃዛ ውሃ ልክ ከዚያ ምልክት ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል።

ለኛ ዓይነት መኪና ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ሞተሩንና ጋቢናውን የሚለየው ላሜራ ነው። ከፍ ያለ ነው፣ ከሻሲው ጋር የተበየደ ነው፣ ክዳኑንም በቀላሉ ይደርሱበታል። ሞተሩ ላይ ማሰር ያጓጓል፤ አጭር ጎማ ይበቃልና። ግን ሞተር ይንቀጠቀጣል። የኛን ኮብልስቶን ደግሞ አስቡት። ከአንድ ሊትር በላይ ውሃ የያዘ ታንክ ሞተር ላይ ታስሮ ከአራዳ እስከ ማራኪ በየቀኑ ቢመላለስ ማያያዣው መጀመሪያ ይላላል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ላሜራው ላይም ቢሆን በታንኩና በማያያዣው መሃል ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ጣል አድርጉበት።

አሁን ጎንደር ላይ የሚለየውን ልንገራችሁ። ሜዳ ላይ የለካችሁት ከፍታ ዳገት ላይ አይሠራም። መኪናው ዳገት ሲወጣ አፍንጫው ከፍ ይላል። ራዲያተሩና ታንኩ አንድ ሜትር ከተራራቁ፣ በየ100 ሜትሩ 15 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ ራዲያተሩ ከታንኩ አንጻር 15 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። ሜዳ ላይ ታንኩ ከራዲያተሩ በ10 ሴንቲሜትር ይበልጥ ከነበረ ዳገቱ ላይ ተገለበጠ ማለት ነው። ለአጭር ዳገት ችግር የለውም። ሊማሊሞን ከአዲ አርቃይ በኩል ለሚወጣ ግን አጭር ዳገት የለም። ስለዚህ የኛ ሰው በታንኩና በራዲያተሩ መሃል ከ20 ሴንቲሜትር ያላነሰ ልዩነት ቢፈልግ ይሻለዋል።

በዚሁ ምክንያት ሞላላ ታንክ ከሆነ በመኪናው ወርድ ግጠሙት። በርዝመቱ ከሆነ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ውሃው ወደ አንድ ጫፍ ሄዶ የታችኛው መውጫ ይራቆትና ፓምፑ አየር ይስባል።

የሚከለከሉ ቦታዎች አሉ፤ በፍጥነት ልለፋቸው። ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) በላይ አይሁን። ከባትሪና ከፊውዝ ሳጥን በላይ አይሁን። ከኮፈኑ ጋር አይነካካ። የክዳኑ ማስተንፈሻ ጎማ ደግሞ ከወለሉ በታች መሬት ይመልከት። በእነዚህ ትናንሽ መኪኖች የሹፌሩ እግር ከላሜራው በስተጀርባ ነው፤ የፈላ ውሃ በዚያ ቢወጣ ማን ላይ እንደሚደርስ ግልጽ ነው።

ፕላስቲክ፣ አሉሚኒየም ወይስ ናስ?

ፕላስቲኩ ውሃውን ከውጭ ያሳያል። እኔ ከሁሉም ጥቅም ይህን አስበልጣለሁ። ግን ያገለገለ ስትገዙ ብርሃን ላይ አንሱት። ቢጫ ወይም ቡኒ ከሆነ፣ መጋጠሚያው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካለ፣ ተዉት። ግፊትና ሙቀት የጠገበ ፕላስቲክ የሚፈነዳው መተማ መንገድ ላይ፣ ሰው በሌለበት፣ በቀትር ነው። ክዳኑን ከነታንኩ ግዙ፤ የአውሮፓ ታንክ ክዳን በጥርስ የሚጠብቅ ስለሆነ የጃፓን ክዳን አይገጥምለትም።

አሉሚኒየም ያምራል (የኔም ድካም እሱ ላይ ነበር)። የሚበየደው ግን በአርጎን ነው፤ አርጎን ያለውና አሉሚኒየም የለመደ በያጅ ደግሞ እንደልብ አይገኝም። የውሃውን ልክ የሚያሳይ ነጭ ቱቦ ጎኑ ላይ ከሌለው ደግሞ ታውራላችሁ፤ ለማየት ክዳን መክፈት፣ ለመክፈት እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ።

ናስ ብዙ ሰው የረሳው ምርጫ ነው። የድሮ ራዲያተር በስታኞ (በቀለጠ ቆርቆሮ) የሚጠግን ሰው ካወቃችሁ ከአሮጌ የናስ ራዲያተር ላይኛው ክፍል ትንሽ ታንክ ይሠራላችኋል። ክዳን አንገቱ እዚያው ላይ አለ፣ የጃፓን ክዳን ይገጥማል። ይከብዳል እንጂ ዕድሜው ረጅም ነው። ተራ ብረት ግን ይዝጋል፤ ዝገቱም ራዲያተሩን ይደፍናል።

መጠኑ ላይ አትጨነቁ። ለ6 ሊትር ሲስተም አንድ ሊትር ወይም አንድ ተኩል ይበቃል። ዋናው ሲቀዘቅዝ ከላይ ባዶ ቦታ መተዉ ነው። እስከ አፉ የተሞላ ታንክ ያንኑ ሩብ ሊትር መሬት ላይ ያፈሳል።

ክዳኑ ላይ ጨከን በሉ። ያገለገለ ክዳን አትግዙ። ሞተሩ በተሠራበት ቁጥር ሂዱ፤ 0.9 ከሆነ 0.9። «ከፍ ያለ ይሻላል» ብሎ 1.4 መግጠም የድሮ ራዲያተር ስፌትና የሂተር ጎማ መፈተን ነው።

እኛ ምን አደረግን?

ያንን የሚያምር አሉሚኒየም ሸጥኩት፤ በኪሳራ። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ግን ንጹሕ የአውሮፓ ፕላስቲክ ታንክ ከነክዳኑ በአውቶብስ ተላከልን። ላሜራው ላይ በወርዱ አሰርነው። ለዚህ ስንል ኮፈኑ ላይ ትንሽ ጉብታ ሠራን። ጋሼ «ግመል አደረግኻት» አሉኝ፤ ይሁን።

ስንሞላ ሂተሩን ከፈትን፣ ቀስ ብለን ሞላን። ክዳኑን ሳንዘጋ ሞተሩን አስነሳን። 82 ላይ ቴርሞስታቱ መከፈት ሲጀምር ታንኩ ውስጥ አረፋው ግር ብሎ መጣ። 88 ላይ ክዳኑን ዘጋነው። እዚህ ከተማ ክዳን ከፍቶ 95 መጠበቅ አይቻልም፤ ከዚያ በፊት ይፈላል። ትኩስ ሆኖ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ እስኪቀዘቅዝ ማንም አይነካውም። ግፊቱ በአንዴ ሲለቀቅ ከ100 በላይ የሞቀው ውሃ ወዲያው እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ነው የሚወጣው።

በማግስቱ ጠዋት የውሃውን ልክ በማርከር አሰመርን። በሦስት ቀን ሁለት ጣት ወረደ፤ የቀረው አየር መውጣቱ ነው። ሞላንበት። በአራተኛው ቀን ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ መስመሩ ላይ ነው። የእናንተው በሳምንቱም እየወረደ ከቀጠለ፣ መሬቱም ደረቅ ከሆነ፣ ሞተሩን አስነስታችሁ ታንኩ ውስጥ ተመልከቱ። አረፋው ያለማቋረጥ ከመጣ ጥፋቱ የታንኩም የቦታውም አይደለም። ጓርኒሲዮኑ (የቴስታታው ማሸጊያ) ሄዷል፤ ቴስታታው መውረድ አለበት።